በኛ ነው በፈረንጅ?

ስራህ ምንድነው ተብዬ "የሳተላይት ናቪጌሽን" ካልኩ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚታየው መሪ ነው። የራይድ ሹፌሮች ደሞ ይብሳሉ፣ "እና ወንድሜ አንተ ነህ የምትነዳው?" ይሉኛል፣ አይ ስል "ታዲያ ማነው?" ይመጣል፣ ማንም አይነዳውም ስል በመስታወቱ አየት አድርገውኝ ዝም ይላሉ፣ ስራ ፈት መሆኔ ገብቷቸዋል። ባጭሩ አስረዳ ከተባልኩ ትክክለኛው መልስ "ሰዓት እጠብቃለሁ" ነው፣ እሱን ካልኩ ግን ዘበኛ ነው የምመስለው።

እስቲ እዚህ በደንብ ልሞክር። ሳተላይት አንዴ ምህዋሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መንገዱን የሚወስንለት የመሬት ስበት ነው፣ እዛ ላይ የቀረችው ስስ አየር ትንሽ ትጎትተዋለች፣ የፀሀይ ብርሃን ራሱ ትንሽ ይገፋዋል፣ ነዳጅ ያለውም ቢሆን ሞተሩን የሚያስነሳው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። እኛ ታች ሆነን የምንለፋው አሁን የት ነው ያለው፣ ነገ በዚህ ሰዓትስ የት ይሆናል የሚለውን ለመመለስ ነው። 600 ምናምን ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት በሰከንድ 7.5 ኪሎሜትር ገደማ ይበራል፣ ስለዚህ ሰዓትህ በ1 ሰከንድ ከሳተ ቦታውንም በ7.5 ኪሎሜትር ስተኸዋል። አንቴናውን ወዴት እንደምታዞር፣ ካሜራው መቼ እንደሚከፈት፣ ፎቶው ላይ ያለው ከተማ የትኛው እንደሆነ፣ ሁሉም የሚጀምረው ከሰዓት ነው።

እና አዲስ አበባ ማደግ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ (ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ግን አቋሜ ነው)። እዚህ ከተማ አንድ ሰው "3 ሰዓት ላይ እንገናኝ" ሲልህ፣ በተለይ ከኤምባሲ ወይ ከኤንጂኦ ወይ ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ከሆነ፣ ሳታስበው ከአፍህ የሚወጣው "በኛ ነው በፈረንጅ?" ነው። ፎርም ላይ የልደት ቀን ስትሞላም እንደዛው፣ የቤት ኪራይ ውል ስትፈርምም እንደዛው። ሌላ ሀገር ያለ ኢንጂነር ይሄንን ጥያቄ መጠየቅ የሚለምደው ስራ ከገባ በኋላ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ፣ እኛ ግን ከእናታችን ቤት ይዘነው ነው የምንመጣው። ለስራ የሚያመለክት ልጅ ኢንተርቪው ሳደርግ ያለምንም ማብራሪያ አንድ ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጠዋለሁ፣ "በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው?" ብሎ ከጠየቀኝ ግማሹን አልፏል፣ ቀሪውን ኮድ መጻፍ ከቻለ ይማረዋል።

ምክንያቱም በዚህ ስራ "በፈረንጅ" ራሱ አንድ አይደለም። ቲኤአይ የሚባል አለ፣ በየሀገሩ ካሉ በመቶዎች ከሚቆጠሩ አቶሚክ ሰዓቶች ተሰልቶ የሚወጣ ነው፣ ምንም ሳይዘል ሳይደግም ይቆጥራል። ዩቲሲ ደሞ ስልካችን ላይ ያለው ሰዓት መነሻ ነው፣ የመሬት አዟዟር ወጥ ስላልሆነ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ አንድ አንድ ሰከንድ ተጨምሮበታል፣ መጀመሪያ ከነበረው የ10 ሰከንድ ልዩነት ጋር ሲደመር አሁን ከቲኤአይ በ37 ሰከንድ ወደኋላ ነው። ጂፒኤስ ደሞ የራሱ ሰዓት አለው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ከዩቲሲ ጋር እኩል ተነስቶ ከዛ በኋላ የተጨመሩትን ሰከንዶች አልሰማሁም ብሎ ቀጥሏል፣ ስለዚህ ዛሬ ከዩቲሲ በ18 ሰከንድ ይቀድማል፣ ከቲኤአይ ግን ሁሌም በ19 ሰከንድ ወደኋላ ነው። ቲቲ የሚባል ሌላ ደሞ አለ፣ ከቲኤአይ በ32.184 ሰከንድ የሚቀድም፣ ይቺ ነጥብ 184 የመጣችው የስነፈለክ ሰዎች ድሮ ይጠቀሙበት ከነበረው ሰዓት ጋር እንዲገጥም ተብሎ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የኛን ጨምሩበት። እንደውም የኛ ነው የሚቀለው፣ ዩቲሲ ላይ 3 ሰዓት ስትጨምር የፈረንጁን የአዲስ አበባ ሰዓት ታገኛለህ፣ 3 ስትቀንስ የኛን (ከ12 ከበለጠ 12 ታወጣለህ፣ ከዜሮ ካልበለጠ 12 ትጨምራለህ)። ሳተላይቱ በላያችን የሚያልፍበት ሰዓት ዝርዝር በዩቲሲ ነው የሚመጣው፣ ተረኛውን ለሚያመላልሰው የሌሊት ሹፌር የሚነገረው ግን በሀበሻ ነው፣ ሳተላይቱ ከአድማስ እስከ አድማስ የሚታየው ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ምናምን ስለሆነ ሹፌሩና አንቴናው እኩል መግባባት አለባቸው።

አንዴ ከውጭ አንድ ድርጅት (ስም አልጠራም) የምህዋር ፋይል ላከልን። ቦታው አለ፣ ፍጥነቱ አለ፣ የሰዓቱ ኮለም ላይ "ታይም" ይልና በቃ። የማን ታይም? ከራሳችን ስሌት ጋር ስናስተያየው ከፍታው ልክ ነው፣ ወደ ጎንም ልክ ነው፣ በጉዞው አቅጣጫ ግን 135 ኪሎሜትር ገደማ ልዩነት አለው። ልጆቹ ተሯሩጠው የስበት ሞዴሉን መፈተሽ ጀምረዋል፣ አንዱ የአየሩ ጉተታ ነው ይላል፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ግን ማኪያቶውን ከእጁ ሳያስቀምጥ 135ን ለ7.5 አካፈለና "18" አለ። አለቀ፣ ፋይሉ በጂፒኤስ ሰዓት ነበር። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ከሩቅ ነው የሚያውቃቸው፣ 18 ካየህ ጂፒኤስና ዩቲሲ ተምታተዋል፣ 37 ከሆነ ቲኤአይ ገብቶበታል፣ 10,800 ሰከንድ ከሆነ ደሞ ሌላ ሳይሆን አንድ ሰው ኮምፒውተሩን የአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ትቶታል። 18 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል፣ መሬት ላይ ሲወርድ ግን (የመሬት ክብ ከምህዋሩ ስለሚያንስ) 124 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ የሚያልፍን ሳተላይት አዲስ አበባን አንሳ ብለህ አዘኸው በ18 ሰከንድ ቢቀድምብህ መርሃቤቴን አንስቶ ነው የሚመጣው፣ ቢዘገይ ደሞ ዝዋይ ሀይቅ አካባቢ ይወርድልሃል።

የሰዓት ነገር ሲነሳ ታህሳስ 10 ቀን 2012 ሁሌ ትዝ ይለኛል። ሀገር ሁሉ የሚያስታውሰው ኢቲአርኤስኤስ-1ን ነው፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ 70 ኪሎ ገደማ፣ ከቻይናው ታይዩዋን በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት በኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ22 ላይ ወጣች፣ እንጦጦም ቴሌቪዥንም ላይ ያ ሁሉ ጭብጨባ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው በዛኑ ቀን ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከፍሎሪዳ ስታርላይነር የሚባለው የቦይንግ መንኮራኩር ሰው ሳይጭን ለሙከራ መነሳቱን ነው። ሮኬቱ በደንብ አደረሰው፣ ከሮኬቱ ከተለየ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። መንኮራኩሩ ሰዓቱን የሚሞላው ከተሸከመው አትላስ ሮኬት ኮምፒውተር ላይ ነበር፣ ያለጊዜው ሄዶ የተሳሳተውን ቁጥር ወስዶ ሰዓቱ በ11 ሰዓት ተዛባ። በሱ ሰዓት ሌላ የጉዞው ክፍል ላይ ደርሷል፣ ስለዚህ ትንንሾቹን ሞተሮች እያስነሳ አቅጣጫውን ሲያስተካክል ነዳጁን ከሚገባው በላይ ፈጀ፣ ስፔስ ስቴሽን ሳይደርስ ከሁለት ቀን በኋላ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ አረፈ። ሞተሩም ኮምፒውተሩም ሰርቷል እኮ፣ ሰዓቱን "የማን ነህ?" ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ስህተቱ 6 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሶፍትዌሩን የጻፈው ሀበሻ ነው ብዬ እከራከር ነበር።

ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር፣ ሳተላይት ላይ ያለው ሰዓት ቀን የለውም ወር የለውም። ዝም ብሎ የሚጨምር ቁጥር ነው፣ ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ እየተንቀጠቀጠ 1፣ 2፣ 3 እያለ። ይሄ ቁጥር በዩቲሲ ስንት ነው የሚለውን ሰንጠረዥ የምንይዘው እኛ መሬት ላይ ነን፣ በየጊዜውም እናድሰዋለን፣ ምክንያቱም ኳርትዝ ሙቀት ሲቀየርበት ይስታል፣ ሳተላይቱ ደሞ በ97 ደቂቃ አንዴ መሬትን እየዞረ ከዛ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ይሞቃል ይቀዘቅዛል ይሞቃል። ከሚሊዮን አንድ እጅ ብትስት በቀን 86 ሚሊሰከንድ ነው፣ ያ ደሞ ሰማይ ላይ ከ600 ሜትር በላይ። ዛሬ አብዛኛው ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት የጂፒኤስ ሪሲቨር ስለሚይዝ ራሱን ያስተካክላል፣ እኛም እንተኛለን።

ማርስ የሚሄደው መንኮራኩር ግን ጂፒኤስ የለውም። ለሱ ያለው ራዲዮ ብቻ ነው። ከመሬት ሲግናል ትልክለታለህ፣ ተቀብሎ መልሶ ይልካል፣ ደርሶ መልሱ የፈጀውን ጊዜ ትለካለህ፣ በብርሃን ፍጥነት አባዝተህ ለሁለት ታካፍላለህ፣ ርቀቱ ወጣ። እየቀረበ ይሁን እየራቀ ደሞ ከሲግናሉ ድግግሞሽ ታውቃለህ፣ ሚኒባስ ክላክሱን ይዞ ሲያልፍህ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም እንደሚቀየረው ማለት ነው፣ በዚህ መንገድ በሰከንድ ከሚሊሜትር በታች የሆነ የፍጥነት ለውጥ ይያዛል፣ በመቶ ሚሊዮን ኪሎሜትሮች ርቀት ላይ። ለዚህ ናሳ ሶስት ቦታ ትልልቅ አንቴናዎች አሉት፣ ካሊፎርኒያ ጎልድስቶን፣ ስፔን ማድሪድ አጠገብ፣ አውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ፣ መሬት ስትዞር አንዱ ጋ ሲሰወር ሌላው እንዲይዘው። ቮያጀር 1 የሚባለው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1977 ሄዶ አሁን ሲግናሉ አንድ መንገድ ብቻ ከ23 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፣ ዛሬ "ሰላም ነው?" ብትለው መልሱን የምትሰማው ከነገ ወዲያ ነው። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ጥሩዎቹ ሰዓቶች መሬት ላይ ስለሆኑ ነው፣ ከባድና ቅብጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ናሳ በሜርኩሪ አየን የሚሰራ አነስ ያለ አቶሚክ ሰዓት ሰማይ ላይ ሞክሮ በጣም ጥሩ ውጤት አግኝቷል፣ እንደዛ አይነቱ ሰዓት እየተለመደ ሲሄድ መንኮራኩሩ ደርሶ መልስ ሳይጠብቅ የመጣለትን ሲግናል ብቻ ሰምቶ ያለበትን ራሱ ያሰላል። ያን ጊዜ እኔም ሌላ ስራ እፈልጋለሁ።

አጎቴ አራት ኪሎ አካባቢ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፣ መሪጌታ ናቸው። ከቤተሰቡ ውስጥ ስራዬ በአንድ ጊዜ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ የነዳ ያልነዳ ጥያቄ የለም፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ልጄ፣ እናንተ ጊዜን እስከ ስንት ነው የምትቆርጡት?" የሚል ነበር። ናኖሰከንድ አልኳቸው። እሳቸው ደሞ ቀኑን 60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን 60 ካልዒት፣ ካልዒቱን 60 ሣልሲት፣ እያሉ ራብዒት ኀምሲት ሳድሲት ድረስ ወረዱልኝ። ስልኬ ላይ አሰላሁት፣ አንድ ሳድሲት 1.85 ማይክሮሰከንድ ይመጣል። በዛች ውስጥ ብርሃን 555 ሜትር ይሄዳል፣ ማለትም የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት በአንድ ሳድሲት ብቻ ቢስት ርቀቱ በግማሽ ኪሎሜትር ይሳሳታል፣ ስታዲየም ቆመህ ስልክህ መስቀል አደባባይ ነህ ሊልህ ይችላል። "አይበቃንም የኔታ" ስላቸው (እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው ነው የምጠራቸው) ምንም ሳይደንቃቸው "እንግዲያ ሳብዒትና ሳምኒት ጨምሩበታ" አሉ። ልክ ናቸው፣ ሁለት ደረጃ ሲወርዱ ግማሽ ናኖሰከንድ ነው፣ 15 ሴንቲሜትር።

ሪሌቲቪቲውን (ሰዓት እንደ ስበቱና እንደ ፍጥነቱ ይለያያል የሚለውን የአንስታይን ነገር) ስነግራቸው ግን ትንሽ ተቆጡ። 20,200 ኪሎሜትር ላይ ያሉት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ስበቱ ስለሚቀንስላቸው ሰዓታቸው ይፈጥናል፣ ፍጥነታቸው ደሞ መልሶ ያዘገየዋል፣ ተቀናንሶ በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ይቀድማሉ፣ ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት ሆን ተብሎ ሰዓታቸው ትንሽ ዝግ ተደርጎ ይሰራል። እኛ የምንከታተላቸው ዝቅ ያሉት ሳተላይቶች ደሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ፍጥነቱ ስለሚያሸንፍ በቀን 20 ማይክሮሰከንድ ገደማ ወደኋላ ይቀራሉ፣ መሃል ላይ ወደ 3,200 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። "ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?" አሉኝ። ሁሉም፣ አልኳቸው። ይሄን እስካሁን ይቅር አላሉኝም። ጨረቃ ላይ ደሞ ሰዓት ከመሬት በቀን 58.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚፈጥን የአሜሪካ መንግስት እ.ኤ.አ. በ2024 ናሳን እስከ 2026 መጨረሻ የጨረቃ ሰዓት አዘጋጅ ብሎታል፣ በ2025 ማርች ላይ ደሞ ጨረቃ ላይ ያረፈ መሳሪያ ከዛ ሆኖ የጂፒኤስ ሲግናል ይዞ ቦታውን አስልቷል። ሌላ "በማን ነው?" እየመጣልን ነው።

ያቺ የምትጨመረው ሰከንድ ግን ልትቀር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሀገራት ተሰብስበው ቢዘገይ በ2035 አሁን ባለው መልኩ መጨመሯ እንዲያበቃ ወስነዋል። ፕሮግራመሮች ደስ ብሏቸዋል፣ በ2012 (በፈረንጅ!) አንዷ ስትጨመር ስንት ዌብሳይት ወድቋል። እኔ ግልፅ ስሜት የለኝም፣ ስራዬ ይቀላል፣ ግን ትንሽ ይገርመኛል፣ እኛ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ላይ ሙሉ ቀን ጨምረን ጠበል ተጠምቀን እንገባለን፣ እነሱ አንድ ሰከንድ ከበዳቸው።

ሌላው በኛ ካሌንደር ስሰራ ያገኘሁት ነገር ነው፣ ለማንም ፈረንጅ ብነግረው ስለማይገባው እዚህ ልጻፈው። ጂፒኤስ ሳምንት ይቆጥራል፣ የድሮው ሲግናል ላይ ግን ቁጥሩ 1023 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ይሄ 19 ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ ያልተዘጋጀ መሳሪያ ሁሉ በዛች ቀን ያብዳል። መቁጠር የጀመረባት ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 በኛ ታህሳስ 27 ቀን 1972 ናት፣ ያን ዓመት ገና በ28 ስለዋለ የገና ዋዜማ፣ ገሃድ ማለት ነው። መጀመሪያ ወደ ዜሮ የተመለሰው ነሐሴ 16 ቀን 1991፣ ፍልሰታ። ሁለተኛው መጋቢት 29 ቀን 2011፣ በዓለ ወልድ፣ ያኔ የኒውዮርክ ከተማ የራሱ ገመድ አልባ ኔትወርክ ወድቆ ነበር። ሶስተኛው ህዳር 12 ቀን 2031 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሆናል፣ ህዳር ሚካኤል! ለእማዬ ስነግራት "ታዲያ እነሱም በዓል ያከብራሉ" አለች። ለነገሩ እኛ ጋ በዓል ያልሆነ ቀን የት አለና።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የኮምፒውተሮቹ ነው። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ሰከንድ የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ ነው፣ 32 ቢት ላይ ያሉት (ለቁጥሩ የተመደበላቸው ቦታ ውስን ነው) 2,147,483,647 ሲሞላባቸው ተገልብጠው 1901 ዲሴምበር ነው ይላሉ፣ በኛ 1894፣ አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ፣ ባቡር ገና አዲስ አበባ ሳይገባ። እሱ የሚሆነው መቼ መሰላችሁ፣ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፣ የጥምቀት ዕለት ንጋት፣ ጃንሜዳ ውሃው ሊባረክ ህዝቡ ሲጋፋ። የኛ ኮድ ወደ 64 ቢት ተቀይሯል፣ ሳተላይት ላይ ወጥተው የቀሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን አሉ፣ እነሱን ማንም ወጥቶ አይቀይራቸውም፣ ስለዚህ ያን ጠዋት አንድ ሰው ስክሪን ፊት መቀመጥ አለበት። ቢሮ ውስጥ ማን ተረኛ ይሁን የሚለው ክርክር ከአሁኑ ተጀምሯል። ሙስሊም ባልደረቦቻችን በጉዳዩ በጣም ተፈላጊ ሆነዋል፣ አንዱ ዋጋውን እያስወደደ ነው፣ በምትኩ የአስር ዓመት የአረፋ ፈረቃ ሸፍኑልኝ ብሎናል፣ እኛም እየተደራደርን ነው።